የጀልባ ፓምፕ "ተቃጠለ" ከመባሉ በፊት

ጎንደር ውስጥ ከፓምፕ ጋር ያልተጣላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሰቀለ ሁሉ ከስሩ ፓምፕ አስቀምጧል፣ ፓምፑ እምቢ ያለ ቀን ደሞ መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፣ በእግር ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ ካልሆነ "ተቃጠለ" ብሎ ሌላ መግዛት። ከአዘዞ በቆላ ድባ አርጋችሁ ጎርጎራ ስትወርዱ ጀልባ ያላቸው ልጆችም ያው ናቸው። ፓምፑ ሶስት ሰከንድ ዝም ካለ ነቅለው ይጥሉታል፣ አዲስ ይገዛሉ፣ አዲሱም በሁለተኛው ክረምት "ይቃጠላል"። እኔ የማምነው ተቃጠለ ተብለው ከሚጣሉት ውስጥ ብዙዎቹ ደህና እንደነበሩ ነው፣ የታመመው ከባትሪ እስከ ፓምፑ ያለው ሽቦ ወይም ከፓምፑ እስከ ውጪ ያለው ቱቦ ነው፣ አዲሱንም የሚገለው እሱው ነው።

የማወራው ስለ ቢልጅ ፓምፕ ነው፣ በጀልባው ወለል ስር ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተቀምጦ የገባውን ውሃ ወደ ውጪ ስለሚተፋው ትንሽዬ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ። ጣና ላይ ሸራ ያለው ጀልባ ብዙ አናይም፣ ያለው ሞተር ጀልባና ታንኳ ነው፣ ግን ፓምፑ ሸራ ጀልባ ላይም ሞተር ጀልባ ላይም አንድ አይነት ነው፣ ልዩነቱ የት እንደሚቀመጥና ቱቦው የት እንደሚወጣ ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አሰራሩ ቀላል ነው። ውሃ የማያስገባ ሞተር አለ፣ ከስሩ ውሃውን እያሽከረከረ የሚገፋ ክንፍ ያለው ነገር አለ (ኢምፔለር ይሉታል)፣ ከሱ በታች ቆሻሻ እንዳይገባ የሚከላከል ወንፊት፣ ከጎኑ ቱቦ፣ ቱቦው ዞሮ ዞሮ በጀልባው ጎን ባለ ቀዳዳ ይወጣል። ሌላው ዋና ነገር ፍሎቱ ነው፣ ውሃ ሲሞላ ተንሳፎ ማብሪያውን የሚያበራ፣ ውሃው ሲያልቅ ወርዶ የሚያጠፋ። ይሄ ፓምፕ አይመጥም፣ ይገፋል ብቻ፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ካልተነከረ ምንም አያመጣም። ሌላ አይነት አለ፣ ላይ ተሰቅሎ በላስቲክ ቆዳ (ዲያፍራም) እየሳበ የሚያወጣ፣ እሱ ጸባዩ ይለያል፣ አየርም መሳብ ይችላል፣ ችግሩ ደሞ ውስጡ ያሉት ትንንሽ የላስቲክ በሮች ላይ አንዲት ስንጥር ከገባች መሳቡን ይተዋል፣ መፍትሄውም ከፍቶ ማጽዳት ነው። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለመጀመሪያው ነው፣ ብዙ ሰው ያለው እሱ ስለሆነ።

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ግን አሽትቱ። የቤንዚን ሽታ ካለ ወለሉን ከፍታችሁ በደንብ ይናፈስ፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ሄዶ የሚተኛው እዛው ፓምፑ ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ እናንተ ሽቦ ነቅላችሁ ስትሰኩ የምትወጣው ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች። ይሄን የማይረባ ጥንቃቄ የሚመስለው ሰው ካለ ጀልባ ላይ ኤሌትሪክ ባይነካ ይሻለዋል።

እሺ፣ አሁን ማብሪያውን ጫኑትና ጆሯችሁን ስጡት። ፓምፑ ዝም ካለ ጉዳዩ የኤሌትሪክ ነው፣ እየጮኸ ውሃ ካላወጣ ጉዳዩ የውሃው መንገድ ነው። ይሄን ብቻ ብትይዙ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል።

ዝም ካለ እንጀምር፣ ሰው በጣም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ፊውዙን እዩት። ተበጥሶ ከሆነ አንድ ጊዜ ቀይሩት፣ በዛው መጠን። ወዲያው ከተበጠሰ ምክንያት አለው፣ ብዙ ጊዜ ኢምፔለሩ ላይ የሆነ ነገር ተጠምጥሞ ሞተሩን አስሮታል፣ የታሰረ ሞተር ደሞ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌትሪክ ይስባል፣ ፊውዙም የተሰራው ለዛች ቀን ነው። እዚህ ጋ "ይቺ ፊውዝ ደካማ ናት" ብሎ ትልቅ የሚያስገባ አለ፣ ይባስ ብሎ የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ጠቅልሎ የሚሰካም አይቻለሁ። እሱ ፊውዝ ባይበጠስ ሞተሩ ይበጠሳል፣ ሞተሩም ባይሆን ሽቦው ይግላል፣ ከቤንዚን አጠገብ። የፊውዙ መጠን ፓምፑ ላይ ወይም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፣ የጻፈው ሰው ደሞ ፓምፑን የሰራው ነው።

ፊውዙ ደህና ከሆነ ባትሪውን በቴስተር ለኩ። አርፎ የቆየ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.2 ካለ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፣ 11.8 ከወረደ ባዶ ነው በሉት። ባትሪው ደህና ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ ወደ ፓምፑ ሂዱና ሽቦው ከፓምፑ ጋር የተገናኘበት ቦታ ላይ ለኩ።

አሁን የምነግራችሁን ነገር የኤሌትሪክ ሰዎች ራሱ ይረሱታል። ቴስተሩ እዛ ጋ 12 ቮልት ቢያሳይ "መብራቱ ደርሷል፣ ስለዚህ ፓምፑ ነው የሞተው" ብላችሁ አትፍረዱ። ቴስተር ምንም ያህል ኤሌትሪክ አይስብም፣ ስለዚህ ሽቦውን አረንጓዴ ዝገት በልቶት በአንድ ክር ብቻ ተንጠልጥሎ ቢሆን እንኳ 12 ቮልት አድርጎ ያሳያችኋል። ፓምፑ ግን ሶስት አራት አምፔር ሲጠይቀው ያቺ አንድ ክር አትችልም፣ ቮልቱ ወደ 7 ወደ 5 ይወርዳል፣ ፓምፑም ዝም። ስለዚህ መለካት ያለባችሁ ፓምፑ እንደተያያዘና ማብሪያው እንደበራ ነው። የዛኔ ባትሪው ላይ 12.4 እያለ ፓምፑ ላይ 8 ከሆነ መሀል ላይ ሌባ አለ ማለት ነው። ቴስተር ከሌላችሁ የባጃጅ የፊት መብራት አምፖል በሁለት ሽቦ አስራችሁ ከፓምፑ ቦታ አብሩት፣ እሱም 12 ቮልት ነው፣ ደሞ እንደ ፓምፑ ብዙ ይስባል፣ ቦግ ካለ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ድንግዝግዝ ካለ ሌባውን ፈልጉ። በበኩሌ ከርካሽ ቴስተር ይልቅ አምፖሉን አምናለሁ።

ሌባው የት ነው የሚደበቀው ካላችሁ ዘጠና ምናምኑ መገጣጠሚያ ላይ ነው። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ ናስትሮ ጠቅልሎበት መሄድ ቤት ውስጥ ይሰራ ይሆናል፣ ወለል ስር ግን ናስትሮው ውሃውን አያስወጣም፣ ይዞት ነው የሚቀመጠው። ጣና ጨው የለውም፣ በዚህ እድለኞች ነን፣ ባህር ላይ የሚሄድ ጀልባ ቢሆን እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በጣም በአጭር ጊዜ ያልቅለታል፣ ለዛ ነው የባህር ጀልባ ሰዎች እያንዳንዱ ክሩ በቆርቆሮ የተለበጠ ሽቦ የሚጠቀሙት። ግን ጨው የሌለው ውሃም ቢሆን እርጥበት እርጥበት ነው፣ መዳብን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ። ስለዚህ መገጣጠሚያውን ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ ስሩት፣ በፒንሳ የሚጨመቀውን ማያያዣ ተጠቀሙ፣ በላዩ በእሳት የሚኮማተረውን ላስቲክ፣ ውስጡ ማጣበቂያ ያለው ቢሆን ደሞ ሸጋ ነው። ማሳውንም (ኔጌቲቩን፣ ጥቁሩን ሽቦ) አትርሱት እባካችሁ፣ ሰው ሁሉ ቀዩን ሽቦ ሲያሳድድ ይውልና ጥቁሩ ባትሪው ላይ ልል ሆኖ ይገኛል።

ሌላው የሽቦው ውፍረት ነው። ፒያሳ ሱቅ ገብታችሁ "ለጀልባ ሽቦ" ስትሉ የሚሰጧችሁ ለቤት መብራት የሚሆነውን ነው፣ ቤት ውስጥ 220 ቮልት ላይ አንድ ቮልት ቢጠፋ ማንም አያውቀውም፣ 12 ቮልት ላይ ግን አንድ ቮልት ትልቅ ነገር ነው። ሂሳቡን እንስራው፣ ፓምፑ ከባትሪው 5 ሜትር ቢርቅ ሄዶ መመለሻው 10 ሜትር ሽቦ ነው። 5 አምፔር የሚስብ ፓምፕ ቢሆን በ0.75 ሽቦ (ቁጥሩ የውፍረቱ ካሬ ሚሊ ሜትር ነው) ከ1 ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፣ በ1.5 ግማሽ ቮልት አለፍ ያለ ይጠፋል፣ በ2.5 ግን ወደ 0.34 ብቻ ነው፣ ከመቶ ሶስት የማይሞላ፣ ለፓምፕ የሚፈለገው እሱ ነው። ደሞ 2.5ቱን ስትገዙ አንድ ወፍራም ክር ያለውን ሳይሆን ብዙ ቀጫጭን ክር ያለውን በሉ፣ ጀልባ ይርገፈገፋል፣ ወፍራሙ ክር ሲታጠፍ ሲታጠፍ ከውስጥ ይሰበርና ከላይ ላስቲኩ ደህና ስለሚመስል ፍለጋው ራስ ያዞራል።

ሽቦው ሁሉ ደህና ሆኖ በእጅ ማብሪያው ሲሰራ በራሱ ግን የማይነሳ ከሆነ ጥፋተኛው ፍሎቱ ነው። በጣታችሁ ቀና አርጉት፣ ፓምፑ ከተነሳ ፍሎቱ ደህና ነው፣ ምናልባት ዘይትና ጭቃ ይዞት ይሆናል፣ አጽዱት። ካልተነሳ ሁለቱን ሽቦዎቹን ነቅላችሁ እርስ በርስ አገናኟቸው፣ ፓምፑ ከጮኸ ፍሎቱ ሞቷል፣ መቀየር ነው፣ ጥገና የለውም። ሶስት ሽቦ ያለው ፓምፕ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው፣ ከቀሩት ሁለቱ አንዱ በራሱ እንዲነሳ ነው ሌላው ከማብሪያ በቀጥታ፣ የቀለሙ ነገር ከካምፓኒ ካምፓኒ ስለሚለያይ የተጻፈውን አንብቡ። እና አንድ ነገር፣ የፍሎቱ መስመር በዋናው ማጥፊያ በኩል ማለፍ የለበትም፣ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው መምጣት አለበት። ማታ ዋናውን አጥፍቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ፓምፑንም አብሮ አጥፍቶ ነው የሚሄደው፣ ዝናቡ ደሞ የሚመጣው ማታ ነው።

ፍሎት በተቃራኒውም ያታልላል፣ ተንሳፎ ይቀራል፣ ወይ ገመድ ስር ተይዞ አልወርድ ይላል። ፓምፑ በደረቁ ሲጮህ ያድራል። 3 አምፔር እየሳበ ከሆነ 60 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በአስር ሰዓት ግማሹ ይወርዳል፣ በሃያው ያልቃል። በማግስቱ ዝናብ ሲመጣ ባትሪው የለም፣ ጀልባው ይሰምጣል፣ ሰውየው "ፓምፑ ከዳኝ" ይላል።

አሁን ደሞ የሚጮኸው ግን ውሃ የማያወጣው። ባለፈው አንድ የጎርጎራ ጀልባ ያለው ወዳጄ ደውሎ፣

"ወንድምዬ፣ አዲስ ነው ያስገባሁት፣ ድምጹ አለ፣ ውሃው ግን እንደ ህጻን ሽንት ነው የሚወርደው" አለኝ።

"ሽቦውን አገላብጠህ አስረህ እንዳይሆን?"

"እንዴ፣ ቢገለበጥ ይዞራል እንዴ?"

ይዞራላ! ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። የዚህ አይነት ፓምፕ ሞተር ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ቢገለበጥ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ክንፎቹም ወደ ኋላ እየዞሩ ትንሽ ትንሽ ውሃ ይገፋሉ፣ ስለዚህ የሚሰራ ይመስላል፣ ጉልበት ግን የለውም። ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ነው፣ አለቀ። የሱም እሱው ነበር።

ሽቦው ትክክል ከሆነ ወንፊቱን ንቀሉ፣ አብዛኛው በጎን ያሉትን ሁለት መያዣዎች ጫን ስታደርጉት ይላቀቃል። ጣና ላይ የሚገኘውን ዝርዝር ልንገራችሁ፣ ፌስታል፣ ከማዳበሪያ የፈሰሰ እህል ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ የመረብ ክር፣ ከሁሉም በላይ ደሞ የእምቦጭ ስር። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሀይቁ ላይ ከታየ ወዲህ በሰሜንና በሰሜን ምስራቅ ዳርቻው፣ በደምቢያ በኩል ማለት ነው፣ ጀልባ የሚያንቀሳቅስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ስሩ እንደ ጸጉር ነው፣ ከመረብና ከእግር ጋር ጀልባው ውስጥ ይገባል፣ ሲበሰብስ ቀጫጭን ክር ሆኖ በወንፊቱ ያልፍና ኢምፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። በካቻቢቴ አትጎርጉሩት፣ ክንፉ ፕላስቲክ ነው ይሰበራል፣ መጀመሪያ ፊውዙን ነቅላችሁ በጣት ወይ በወረንጦ አውጡት። እጃችሁ እዛ ውስጥ እያለ ፍሎቱ ሊነሳ እንደሚችል አስቡ።

ቱቦው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች ወርዶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ መሀሉ ላይ አየር ይታሰርና ፓምፑ እየዞረ ምንም አይወጣም፣ ቱቦውን ነቅሎ አየሩን ማስወጣት ለጊዜው ይሰራል፣ ዘላቂው ግን ከፓምፑ እስከ መውጫው ያለማቋረጥ እየወጣ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ውስጡ ሸንተረር ሸንተረር ያለው ርካሽ ቱቦ ውሃውን ያዘገየዋል፣ ለስላሳውን ግዙ። የታጠፈ ካለ ቀና አድርጉት፣ ፋሼታው (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) የላላ ካለ አጥብቁት፣ ይኸው ነው።

ፓምፑ ጠፍቶ ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ እየተነሳ እየጠፋ የሚያመሽ ከሆነ ደሞ ቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ተመልሶ እየወረደ ፍሎቱን እያነሳው ነው። 19 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው 3 ሜትር ቱቦ ውስጥ ወደ 850 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀራል፣ ጉድጓዱ ጠባብ ከሆነ ያ ይበቃዋል። ይሄ በተለይ የሸራ ጀልባ በሽታ ነው፣ ሆዱ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ቱቦውም ይረዝማል። ሰው ወዲያው የሚያስበው ውሃ እንዳይመለስ የሚይዝ ቫልቭ መሀል ላይ ማስገባት ነው፣ እኔ አልደግፈውም፣ ይሄ አይነቱ ፓምፕ ቫልቩን ገፍቶ ለመክፈት ጉልበት ያንሰዋል፣ ቆሻሻ ሲይዘው ደሞ እስከነጭራሹ ይዘጋል። ፍሎቱን ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ቱቦውን ማሳጠር ይሻላል።

መውጫው ቀዳዳም ከውሃው ልክ በደንብ ከፍ ማለት አለበት። ሸራ ጀልባ ነፋስ ሲይዘው በጎኑ ያዘነብላል፣ ያኔ ደህና ከፍታ ላይ የነበረ ቀዳዳ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ፓምፑ ቆሞ ሳለ ውሃው በዛው ቱቦ ተመልሶ ወደ ውስጥ መፍሰስ ይጀምራል፣ ማለትም ጀልባውን የሚያሰምጠው የገዛ ፓምፑ ቱቦ ይሆናል። ለዛ ነው በሸራ ጀልባ ላይ ቱቦውን እስከ ላይ ወስደው አናቱ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ያለው መታጠፊያ የሚያደርጉለት። ሞተር ጀልባም ቢሆን ጭነት ሲበዛበት ዝቅ ስለሚል ቀዳዳውን ባዶውን ሳይሆን ተጭኖ እያለ እዩት። ሲያዘነብል ደሞ ውሃው ወደ አንድ ጎን ስለሚሄድ ፓምፑ በደረቁ ይቀራል፣ እሱ ብልሽት አይደለም።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳትሸወዱበት። 500 የሚለው በሰዓት 500 ጋሎን ነው፣ ወደ 1,900 ሊትር፣ ግን የተለካው ያለ ምንም ከፍታ፣ በሙሉ ቮልት፣ ምናልባትም ያለ ቱቦ ነው። አንድ ሜትር ወደ ላይ ሲገፋ በቱቦና በደካማ ባትሪ ላይ ብዙው ይቀንሳል። በሌላ በኩል 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ፣ ከውሃው ልክ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብላ ብትከፈት፣ በሰዓት ከ2,500 ሊትር በላይ ታስገባለች። ስለዚህ ፓምፑ ጤነኛ ሆኖም አይችላትም። ፓምፕ ጊዜ ይገዛል፣ ቀዳዳውን መድፈን የናንተ ስራ ነው፣ ከጀልባው ጎን በየቀዳዳው ልክ የተጠረበ የእንጨት ውታፍ አስራችሁ አስቀምጡ።

እና ውሃው ከየት ነው የሚገባው? ባህር ላይ ቢሆን ይቀምሱታል፣ ጨው ካለው ከውጪ የገባ ነው፣ ካልሆነ ዝናብ ወይ ከመጠጥ ውሃ ጋን የፈሰሰ። ጣና ላይ ይሄ አይሰራም፣ ሁሉም ያው ነው፣ የሀይቁ ውሃ ግን ደፍረስ ያለ ስለሆነ በነጭ ብርጭቆ ቀድታችሁ ስታዩት ከዝናቡ ይለያል። ወለሉን በጨርቅ በደንብ አድርቁና በየጥርጣሬያችሁ ቦታ ሶፍት አስቀምጡ፣ መጀመሪያ የረጠበው ይናገራል። የሞተሩ ሻፍት የሚያልፍበት ማሸጊያ ቀዳሚ ተጠርጣሪ ነው። ክረምት ላይ ግን ብዙ አትጨነቁ፣ ክፍት ጀልባ 6 ሜትር በ2 ሜትር ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 120 ሊትር ነው፣ 120 ኪሎ ማለት ነው፣ አንድ የከሰዓት ዶፍ ከዛ በላይ ሊጥል ይችላል።

የዘይት ነገር ላይ ትንሽ ልበል። ከሞተሩ ዘይት ወይ ናፍጣ ከፈሰሰ ማብሪያውን አትንኩ፣ በጨርቅና በስፖንጅ ሰብስቡት፣ ፓምፑ የሚተፋው ሌላው ሰው ከሚቀዳበት፣ ቀረሶ ከሚጠመድበት ውሃ ውስጥ ነው። ሀይቁን ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፣ ባይመዘግበውስ።

ፍተሻውን ሰኔ ሳይገባ አድርጉት። አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ስር አፍስሱ፣ እጃችሁን ሳታስገቡ ፍሎቱ ራሱ እስኪነሳ ጠብቁ፣ ውጪ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር፣ ባልዲውን ለማውጣት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ወለሉ ላይ በማርከር ጻፉት። በሚቀጥለው ጊዜ ሰዓቱ ከረዘመ ወንፊቱን ወይ ሽቦውን ታያላችሁ። ባልዲውን ደሞ ወደ ቤት እንዳትወስዱት፣ ጀልባው ላይ ይቅር፣ ባትሪ ያለቀ ቀን የምትቀዱት በሱ ነው።